ከእንጨት ክምሩ ጀርባ

በእኛ ቤት እንጨት ይዞ የገባን ሰው «የት ነበርህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። እንግዳ ይገርመዋል። ከከተማ የመጣች የልጄ ሚስት አንድ ቀን «አባባ፣ እዚህ ቤት ሰው ሁሉ ብድግ ይልና ቆይቶ አንድ ፍልጥ ይዞ የሚመለሰው ለምንድን ነው?» አለችኝ። ሚስቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። እኔ ግን ነገሩ ሳቅ ብቻ ስላልሆነ ልጻፈው አልሁ። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ጢሜ ከበቀለ በኋላ ነው። ያጣመምሁትን አንባቢ ያቅናው።

በደርግ ጊዜ ነው። መንደር ምሥረታ የሚባል መጣና ከየቦታችን ተነቅለን ባንድ ላይ ሰፈርን። ከዚያ በፊት ቤቴ ለብቻው ነበር፤ ዙሪያውን ቁጥቋጦ፣ ከታቹ የሐይቅ ዳር ደንገል። አዲሱ መንደር ከዓባይ ማዶ ወጣ ብሎ፣ ከሐይቁ ብዙም አይርቅም። ቤቱ እንደ ወታደር ተሰለፈ፣ ቁጥቋጦው ለማገርና ለአጥር አለቀ፤ ሜዳው መላጣ ሆነ። ወንድ ምን ቸገረው፤ ፊቱን አዙሮ ይቆማል። ሴት ግን ጎሕ ሳይቀድ ወጣ ብላ መመለስ፣ ከዚያ ወዲያ እስኪመሽ መያዝ ነው።

ሚስቴ የምትወጣው ከታንኳ ሠሪው ሚስት ጋር ነበር። ታንኳ ሠሪው ጎረቤቴ ነው፤ እስላም ነው፤ ደንገል አስሮ ታንኳ ይሠራል፣ ዓሣም ያጠምዳል። የእነሱና የእኛ ሥጋ ለየብቻ ነው፤ የሚስቶቻችን ሜዳ ግን አንድ ነበር። በዚያች በጨለማ መንገድ ነው የተዋደዱት።

ሚስቴ መያዙ ሲከብዳት ለራሷ መላ አበጀች። ውሃ መጠጣት ተወች። እኔ መች አወቅሁ! ወገቤን አለች፤ የእርሻ ሥራ ነው አልሁ። ብርድ ብርድ አላት፤ ወባ ነው አልሁ። ሽንቷ ደም ሲሆን ግን ሮጬ ታንኳ ሠሪውን ጠራሁ። ጎረቤቴ በታንኳው አሳፍሮ ባሕር ዳር አሻገረን።

ሐኪም ቤት አንዲት ነርስ ተቀበለችን። ሚስቴን ለብቻ ካነጋገረች በኋላ እኔን ጠራችኝ።

«መድኃኒቱን ጀምራለች፣ ትድናለች» አለች። «ግን ውሃ ካልጠጣችና እየያዘች ከዋለች ተመልሳ ትመጣለች። ያን ጊዜ ኩላሊቷን እኔ አልመልስላትም። ሽንት ቤት አላችሁ?»

«ሐይቅ አለን» አልሁ።

አልሳቀችም። «ሐይቁንማ ትጠጡታላችሁ» አለችኝ።

ያንን ቃል ይዤ ተመለስሁ። ግንቦት ነበር፤ ማረሻዬን ትቼ ዶማ ያዝሁ። ቦታውንም ራሴ መረጥሁ፤ ከጓሮ በታች፣ ጌሾው የሚሸፍነው፣ አፈሩ እንደ ቅቤ የሚቆረጥ። ታንኳ ሠሪው መጥቶ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመ።

«እዚህ ባትቆፍር ይሻላል።»

«ለምን? ጥላ አለው፣ አፈሩ ልፍስፍስ ነው።»

«ልፍስፍስ የሆነው ሐይቁ ስለተኛበት ነው። አሁን ግንቦት ስለሆነ ሸሽቷል። ይመለሳል።»

«አንተ ዓሣህን ጠብቅ፤ መሬትን ለገበሬ ተው!» አልሁት። እሱም ሳቅ ብሎ ሄደ። ሰው ሲሰድበው የሚስቅ ሰው ያናድዳል።

ከቁመቴ በላይ ቆፈርሁ፣ ግንድ አጋደምሁበት፣ በላዩ ጎጆ ቀለስሁ። ሚስቴ ሰኔንና ሐምሌን ተጠቀመችበት፤ ፊቷም ወዝ አወጣ። ነሐሴ ላይ ግን ውሃው ከላይ ሳይሆን ከታች መጣ። ጉድጓዱ ሞላ፤ የሞላውን ሁሉ ይዞ ወደ አፉ ወጣ፤ ያጋደምሁት ግንድ ይንሳፈፍ ጀመር። የሽታውን ነገር አልጽፍም። ጎረቤቴ ምንም ሳይለኝ አካፋውን ይዞ መጣ፤ ሁለታችንም አፍንጫችንን አስረን አመድና አፈር እያለበስን ደፈንነው። ያን ቀን «አላልሁህም ነበር?» ቢለኝ ኖሮ አካፋውን እወረውርበት ነበር። አላለም። እስከ ዛሬ የማመሰግነው ስለዚያ ዝምታው ነው።

ሚስቴ ወደ ጨለማዋ መንገድ ተመለሰች።

መስቀል ካለፈ በኋላ ጎረቤቴ ዶማዬን ከእጄ ወስዶ ይዞኝ ዞረ። እየሄደ ትንሽ ትንሽ ይቆፍራል፣ አፈሩን በመዳፉ ይፈረፍራል። የቀንድ አውጣ ቅርፊት ካገኘ «እዚህ ሐይቁ ተኝቷል» ይልና ያልፋል። ጓሮው ሁሉ ቅርፊት ነው። ቅርፊት የጠፋው መንገዱ ዳር ካለችው ጉብታ ላይ ስንደርስ ነው። አፈሩ ቀይ፣ ድንጋይ የበዛበት። ውሃ የምንቀዳበት ደግሞ ከቤቱ ወዲያ ማዶ ስለሆነ ወደሱ የሚወርድ ነገር የለም።

«እዚህ ዶማህ ይሰበራል» አለኝ።

«ይሰበራ!»

ተሰበረም፤ ሌላ አመጣሁ። ሁለት ጉድጓድ ጎን ለጎን ቆፈርሁ፤ አንዱ ሲሞላ በሌላው ለመቀጠል። አፋቸውን በድንጋይ ካብሁት፤ ለወለሉ ወፍራም ባሕር ዛፍ አጋደምሁና ጭቃ በጭድ ለሰንሁበት። ለቀዳዳው እጀታ ያለው ክዳን፣ ጥግ ላይ ደግሞ የአመድ እንስራ። ሰው የጨረሰ እንደሆነ አንድ ጭልፋ አመድ ይበትናል፤ ሽታም ዝንብም የለም። ግድግዳውን ከመኖሪያ ቤቴ አሳምሬ መረግሁት ብል አልዋሸሁም።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አየው። «ጓድ፣ ይህ አርአያ ነው!» አለና እሑድ ከስብሰባ በኋላ ሕዝቡን ሰብስቦ አመጣ። በሩን ከፍቶ፣ ክዳኑን አንሥቶ፣ አመዱን በትኖ አሳየ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ቆምሁ። ሚስቴ ከቤት አልወጣችም።

በማግሥቱም ወደዚያ አልሄደችም። በሦስተኛውም። ለመጠጧ የምቀዳላት ቅል ጠዋት ሙሉ፣ ማታም ሙሉ። እሱን ሳይ የነርሷ ቃል መጣብኝ።

«ምን ጎደለው?» አልኋት።

«ምንም አልጎደለው። ያማረ ነው።»

«ታዲያ?»

«ከመንገድ ዳር ነው። ገበያተኛው፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚው፣ ቄሱ ሳይቀሩ ያልፋሉ። ወዴት እንደምሄድ አገር እያየ እንዴት ልሂድ?»

«አገር ሁሉ ይሸናል እኮ!»

«ይሸናል፤ ግን ሲሄድ አይታይም። አንቱ ደግሞ ጭብጨባ አመጡብኝ።»

በሩን ወደ ጓሮ አዞርሁት። ያው ነው። እሷን የከበዳት በሩ አይደለም፤ ከቤት እስከዚያ የሚያደርሰው መላጣ መንገድ ነው። በሩን ማዞር ይቻላል፤ መንገድ አይዞርም። ተቆጣሁ። «ዶማ የሰበርሁት ለማን ነው?» ብዬ ጮኽሁ። ቁጣዬ ቅሉን አላጎደለውም። በዚያው ሰሞን ወገቧን ስትይዝ አየኋት፤ እንዳየሁም አየችኝ፤ እጇን ቶሎ አወረደች።

ለታንኳ ሠሪው ሚስት የነገረቻት ሚስቴ ራሷ ትሆናለች። አንድ ቀን ከእርሻ ስመለስ ከማጀቱ ጎን የነበረው የእንጨት ክምሬ የለም። ዘወር ብል ሁለቱ ሴቶች ላብ በላብ ሆነው እንጨቴን ጉብታው ላይ፣ ከሽንት ቤቱ ፊት ለፊት ይከምራሉ። በጎኑ ደግሞ ጎረቤቴ ለታንኳ ያደረቀውን ደንገል እንደ አጥር አቁመውታል።

«እናንተ! ምን ነካችሁ?» አልሁ። «ከቤት አርቆ እንጨት የሚከምር ማን አለ? ዝናብ ይመታዋል፣ ሌባ ይወስደዋል!»

የታንኳ ሠሪው ሚስት ወገቧን ይዛ ቆመች። «ይውሰደዋ! ወንድ የሠራው ሽንት ቤት እንዲህ ነው፤ ሁሉ አለው፣ መሄጃ የለውም።»

«መሄጃውማ ይኸው!»

«እሱማ የእርስዎ መሄጃ ነው። እኛ ሽንት ቤት አንሄድም። እንጨት ልናመጣ ነው የምንሄደው።»

እኔ አሁንም አልገባኝም፤ ቆሜ አየኋት። ሚስቴ ነጠላዋን አደግድጋ ቀስ ብላ ወደ ክምሩ ሄደች፤ ከጀርባው ገባች። በመንገዱ ሁለት ገበያተኞች አለፉ፤ «እንዴት ዋላችሁ» አሉ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» አልን። ማንም ማንንም አላየም። ቆይታ አንድ ፍልጥ በብብቷ ይዛ መጣች፤ በፊቴ አልፋ ማጀት ገባች።

እንደ ደንቆሮ ስከተላት ዞረች። «ምን ያዩኛል? እንጨት የተሸከመች ሴት አይተው አያውቁም?»

ያን ለት ማታ ቅሉ ባዶ ነበር። አንሥቼ ገለበጥሁት፤ ጠብታ የለም። የሰው ልጅ ባዶ ቅል አይቶ እንዲህ ደስ ይለዋል ቢሉኝ አላምንም ነበር። በሽታውም ተመልሶ አልመጣባትም፤ ተመስገን።

ከዚያ ወዲህ ሽንት ቤቱን የያዝሁት እንዲህ ነው። አመዱ እንዳይጎድል የምድጃውን እየዛቅሁ እሞላለሁ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ሲሞላ በአፈር ደፍኜ ወደ ሁለተኛው አለፍሁ፤ በደፈንሁት ላይ ዱባ ተከልሁ። ዱባው እንደ ጥጃ ወፈረ። ሚስቴ አልቀምስም አለች። ሊቀመንበሩ ሲያልፍ አይቶ «ጓድ፣ ይህንንስ በምን አሳደግኸው?» አለ። «በአርአያነት» አልሁት። አንዱን ተሸክሞ ሄደ፤ ጣፋጭ ነው ብሎም ተመልሶ መጣ። ሁለተኛው ሲሞላ የመጀመሪያው ከርሞ ከርሞ ሽታ የሌለው ጥቁር አፈር ሆኖ ነበር፤ ዝቄ ለጌሾው ሰጠሁት። እንዲህ እየተፈራረቁ ያገለግላሉ። ሰው ጉድጓድ ከቆፈረ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም፤ ቤት ነውና ይጠበቃል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥበቃ ግን የክምሩ ነው። ክምሩ ካለቀ መሄጃው አለቀ። ስለዚህ በአዝመራም፣ በበጋም፣ ማጀቱ እንጨት ባያስፈልገውም እፈልጣለሁ። መንደርተኛው «ይህ ሰው እንጨት ሊሸጥ ነው እንዴ?» ይለኝ ነበር። ቆይተው እነሱም ሽንት ቤት ቆፈሩ፤ ሚስቶቻቸውም ክምራቸውን ማዛወር ጀመሩ። የሌላውን መንደር አላውቅም፤ በእኛ መንደር ግን የእንጨት ክምር ከማጀት የራቀበትን ቤት ያየ፣ በዚያ ቤት ሴት ውሃ እንደምትጠጣ ይወቅ።

ደርግም ሄደ፤ የተሰለፈው መንደርም ተበተነ፤ እኛ ግን ከጉብታችን አልተነሣንም። የታንኳ ሠሪው ሚስት ከባሏ ቀድማ ሞተች። በቀብሯ ቀን ሚስቴ ለቅሶ ልትቀመጥ ስትሄድ ከክምሩ ትልቁን ፍልጥ መዝዛ ወሰደች። ለለቅሶ ቤት እንጨት መውሰድ ወግ ነው። እኔ ግን ያ ፍልጥ ለምን እንደሆነ አወቅሁ።

ዛሬ ቤቱ መብራት አለው፤ ልጆቹ ምድጃውንም ሊተዉት ነው። ሚስቴ አርጅታለች፣ በከዘራ ነው የምትሄደው። አሁን ማን ያያታል፣ ቢያያትስ ማን ይደንቀዋል? እሷ ግን አሁንም ባዶ እጇን አትመለስም። ባለፈው ሰሞን ፍልጡ ከብዷት መንገድ ላይ ስታስቀምጠው አየሁ። ዝም አልሁ፤ ዝም ማለትን ከጎረቤቴ ተምሬያለሁ። በማግሥቱ መጥረቢያዬን ስዬ ወደ ክምሩ ሄድሁና ከላይ ያለውን ሁሉ እንደ ጣት አሳንሼ ፈለጥሁት።