ሻካራው ጠርሙስ

ሥራዬ ጠርሙስ ላይ የሚለጠፍ ሌብል መንደፍ ነው። ሰው ሲሰማ ሥዕል ይመስለዋል፤ እኔ ግን ዕድሜዬን የጨረስኩት ጣት በሚዳስሰው ነገር ነው። ለስላሳ ወረቀት ያረክሳል፣ ሻካራው ያስከብራል እያልኩ ከማተሚያ ቤት ሰዎች ጋር ስነታረክ ኖርኩ። እውነቱን ለመናገር አሁን ጠርሙስ ማየትም ይታክተኛል።

ላሊበላ ያለችው ታላቅ እህቴ ጠጅ ቤት ነበራት። ከጦርነቱ ወዲህ ቱሪስት ጠፍቶ ቤቱ ሊዘጋ ደረሰ። እሷም የመጨረሻዬ ነው ብላ፣ ጠጁን በጠርሙስ አሽጋ ለገና ልትሸጥ ያላትን ሁሉ ማር ላይ አዋለችው። ሌብሉን እኔ ሠራሁላት። ወረቀቱን እንደ ቤተ ክርስቲያኖቹ ግድግዳ መሮ የነካው አስመሰልኩት፤ መሐሉ ላይ ከመስኮቶቹ የአንዱን መስቀል ጣት እንዲያገኘው ከወረቀቱ ከፍ አድርገን አሳተምን። ለገና እንኳ ፈረንጅ አይጠፋም፣ ሲዳስሰውም ደስ ይለዋል ብለን ነበር።

ለበዓሉ ላግዛት ላሊበላ ሄድኩ፤ ፈረንጁ ግን አልመጣም። የመጣው ተሳላሚው ነው። ጾሙ የተፈታ ዕለት አንድ ሽማግሌ ቄስ በራችን ላይ ቆመው ጠርሙስ አነሡ። አውራ ጣታቸው መስቀሉን አገኘው። ተሳለሙት፣ ግንባራቸውንም አስነኩት።

«የየትኛው ደብር ጠበል ነው ልጄ?»

«ኧረ ጠጅ ነው አባቴ፤ ይቅመሱልኝ» አለች እህቴ።

ቀስ ብለው መለሱት። «እንዴት አድርጌ ልጄ? ባዶውንስ ከነመስቀሉ የት እጥለዋለሁ?»

ከኋላቸው የቆሙት ሰሙ። ከዚያ ወዲያ የመጣው ሁሉ ተሳልሞ ያስቀምጠዋል። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚባለው ለእኛ ነው፤ ሁለታችንም መስቀል እየተሳለምን አድገን ይህን አላሰብንም። ሌብሉን በውኃ ነክሬ ልላጠው ብላት፣ «ልጠህ የት ልትጥለው?» አለችኝ።

በማግሥቱ ተሳላሚው ወደየአገሩ መመለስ ሲጀምር እህቴ ጠጁን ጋን ውስጥ ገለበጠችው። ጠርሙሱን አጥባ ለጠበል መያዣ በነጻ ሰጠች። ሰዉ ተሻማ። አንዲት አሮጊት መስቀሉን ደጋግመው እየዳሰሱ፣ «እጃችሁ ይባረክ፣ ሌላ አይመጣም ወይ?» አሉን። በሥራ ዘመኔ ሁሉ የነደፍኩትን ሰው እንዲያ ሲወደው አይቼ አላውቅም። እህቴ ለእያንዳንዱ ምርቃት አሜን ስትል ዋለች።

የመጨረሻው ሰው ሲሄድ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

«ሥራህስ አምሯል ወንድምዓለም» አለችኝና የጠጅ ቤቱን በር ለመጨረሻ ጊዜ ቆለፈች።