እናቴ አንድ ቀን የጠራችው ስም

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል። የእኔ ጉድ አንደኛ ክፍል ስመዘገብ የተቋጠረ ነው፤ ፋርማሲ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከሆሳዕና አዲስ አበባ ገብቼ ማትሪኬንና በፖስታ የታሸገውን የቀበሌ ደብዳቤ ለመዝጋቢው ሰጠሁት። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ አየና ቀና አለ።

«ማትሪክሽ ላይ ያለው አያትና ቀበሌሽ የጻፈው አያት ለየቅል ናቸው። የሰው ወረቀት ይዘሽ ነው የመጣሽው?»

ክው አልኩ። ደብዳቤውን አዙሮ አሳየኝ። የአያቴ ስም ብዬ ያደግሁት ስም የለበትም፤ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቅ ስም ነው ያለው። መዝጋቢው አንደኛ ክፍል ያስመዘገበሽ ሰው ቀበሌ ቀርቦ በቃሉ ያስረዳ፣ ቃለ ጉባኤው እስከ ዓርብ ካልመጣ ቦታሽን ለሌላ እንሰጣለን አለኝ። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር።

ነገሩ የገባኝ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ነው። በእኛ በከምባቶች ዘንድ ያገባች ሴት የአማቷን ስም አትጠራም፤ ስሙን የሚመስል ቃል እንኳ ከአፏ አይወጣም። አባቴና አያቴ ሳላውቃቸው ሞተው፣ ከአንጋጫ ሆሳዕና ይዛኝ መጥታ ትምህርት ቤት ያስገባችኝ እናቴ ናት። መምህሩ አያቷ ማን ይባላል ሲላት፣ ቤት ውስጥ በምትክ የምትለውን ስም ሰጠችው። የቀበሌው ሊቀመንበር ደግሞ የአንጋጫ ሰው ነው፤ አያቴን በአካል ስለሚያውቀው ትክክለኛውን ጻፈ። በእናቴ ተናደድኩ። አሥራ ሁለት ዓመት ስማር አንድ ቀን እንኳ አትነግረኝም?

በማግስቱ ቀበሌ ሄድን። ሊቀመንበሩ ዓይኗን ማየት አፈረ።

«እናቴ፣ ልማዱን አውቃለሁ። ግን በአፍዎ ሳይናገሩ ተናግረዋል ብዬ ብፈርም ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አላት።

እናቴ ስሙን እንደማትጠራው ገባኝ። አልፈረድኩባትም፤ ትምህርቴ እዚህ አበቃ ብዬ ቁርጤን አወቅሁ። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ተነሳች፣ ወደ ግድግዳው ዞረች፣ ስሙን ጠራችው። ድምጿ ጎላ ያለ ነበር። ምስክር ሆነው የተቀመጡት ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፉ። ለእኔ የሌላ ሴት ድምፅ መሰለኝ። እሷ ቁጭ ብላ «ጌታ ይቅር ይበለኝ» አለች።

ዓርብ ጠዋት ወረቀቱን ለመዝጋቢው ሰጠሁት። ማህተሙን ብቻ አየ።

«ጥሩ። ደብዳቤው ፋይልሽ ውስጥ ይቀመጣል። ስምሽ በማትሪኩ ይቀጥላል።»

«ታዲያ ይኼኛው ስም የትም አይጻፍም?»

«ምን ያደርጋል?» አለና ቀጣዩን ተማሪ ጠራ። እኔ ተመዘገብኩ፤ እግሬ ግን ከዚያ አልነቀል አለኝ።

ለዕረፍት ስመለስ እናቴ ገና በር ላይ «ስሙን ጻፉት?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

ተመርቄ ሆሳዕና ስመደብ ስሜ እስከ አያት የተጻፈበትን የሙያ ፈቃዴን መድኃኒት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። እናቴ ፊደል አታውቅም። እኔን ልታይ በመጣች ቁጥር በፈቃዱ ፊት ስታልፍ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አንገቷን ትደፋለች። እዚያ ላይ ያለው እሷ ራሷ ለመምህሩ የሰጠችው ስም ነው። እስክትሞት ድረስ አልነገርኳትም።