የተዝካሩ ጠላ ተከዜ ላይ

ይህ የሆነው ባለቤቴ ባረፈ በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ነው። ወራት አልፈዋል፤ ግን የጠርሙስ ክዳን ጧ ሲል እስካሁን ልጄን አፈፍ አድርጌ እይዛለሁ። ምክንያቱን ለማንም በትክክል አልተናገርኩም። አሁን በየቀኑ ሁለት ሦስት መስመር እያልኩ እጽፈዋለሁ። ቶሎ መጻፍ አቅቶኛል።

ባለቤቴ ጀልባ ነጂ ነበር። የተከዜ ግድብ ውኃ ሸለቆውን ከሞላው ወዲህ ሰውና ዕቃ ወደ ሰሃላ በኩል የሚያሻግርባት ረጅም፣ ጠባብ የቆርቆሮ ጀልባ ነበረችው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከተቀመጠ ትከሻው ይጋፋል። እኔ በውኃው ዳር ባለ ትምህርት ቤት ላስተምር ከሌላ አገር ተመድቤ የመጣሁ ነኝ። የተዋወቅነውም እዚያችው ጀልባ ላይ ነው። ፈርቼ ብድግ ስል «ቁጭ!» ብሎ ጮኸብኝ። በጣም ተቀየምኩት። በኋላ ግን ለቄሱም ለሚሊሻውም እንደዚያው እንደሚጮህ አየሁ። «ሰው ውኃ ላይ ሲፈራ ይቆማል። እኔ የምፈራው ንፋሱን አይደለም፣ የቆመውን ሰው ነው» ይለኝ ነበር።

ከተጋባን በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔንና ልጃችንን ሜሮንን ይዞን ይወጣል። ውኃው ከዋጣቸው ዛፎች መካከል ሞተሩን አጥፍቶ መረብ ይጥላል፤ እኔ የተማሪዎቼን ደብተር አርማለሁ። የትኛው ዛፍ ከውኃ በታች እንደተደበቀ በቃሉ ያውቅ ነበር።

ታሞ ሰቆጣ ሆስፒታል ገባ፣ አልተነሳም። የተቀበረው ሰሃላ፣ እናትና አባቱ ዘንድ ነው። የአርባ ተዝካሩም እዚያ ሆነ። ጠላውን የጠመቅኩት ግን ሰቆጣ፣ በሕመሙ ጊዜ በተከራየሁት ቤት ነው። ስድስት ጀሪካን ሞላ። ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት አሮጊት «ልጄ፣ ክዳኑን ላላ አድርጊው፤ ገና ጉሽ ነው፣ ይተነፍሳል» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ግን በየክዳኑ ሥር ላስቲክ አድርጌ፣ ክንዴ እስኪዝል አጠበቅኩት። ለእሱ ከተጠመቀው አንዲት ጠብታ መንገድ ላይ እንድትፈስ አልፈለግኩም። ሰቆጣ ብርድ ነው፤ የቆላውን ሙቀት አላሰብኩትም።

ከሰቆጣ የጫነን መኪና ተበላሽቶ አረፈደን። ውኃው ዳር የደረስነው ከቀትር በኋላ፣ ንፋሱ በሚነሳበት ሰዓት ነው። አሁን ጀልባዋን የሚነዳት የባለቤቴ ጓደኛ ጋሻው ነው። ጀሪካኖቹን አይቶ፣ ንፋሱን አይቶ፣ «እቴ፣ ነገ ጠዋት ብንሄድ?» አለኝ። «ነገማ ዋዜማው ነው፤ እንግዳ ይገባል» አልኩት። አልተከራከረኝም።

አብረውን አንዲት እማሆይና ፍየል የያዙ አያ ደምሌ የሚባሉ ሽማግሌ ተሳፈሩ። የመንሳፈፊያ ልብስ የነበረው ሁለት ብቻ ነው። አንዱን ለሜሮን አለበስኳት፤ ሰፍቷት እስከ ጉልበቷ ደረሰ። ሁለተኛውን ለእማሆይ ሰጠናቸው።

መሃል ስንደርስ ከኋላዬ ጧ አለ።

በአገራችን እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ ሌላ ነገር የሚያስብ ሰው የለም። «ተተኮሰ!» ብለው አያ ደምሌ ብድግ አሉ። እማሆይ ተነሡ፣ እኔም ተነሣሁ፤ ሁላችንም ወደ አንድ ወገን ተጋፋን። ጀልባዋ ጋደል አለችና ውኃው በጠርዟ ላይ ገባ። ሞተሩ ጠፋ። ሜሮን ከእጄ አምልጣ ስትንሸራተት የልብሷን ማሰሪያ ያዝኩ። ግማሽ አካሏ ውጭ ነበር። አላለቀሰችም፤ ዓይኗን አፍጥጣ ታየኛለች። ያ ዓይኗ ነው እስካሁን እንቅልፍ የሚነሣኝ።

ከዚያ ከአፌ ወጣ፦

«ቁጭ! ቁጭ በሉ!»

እንደ እሱ አድርጌ ነው የጮህኩት። ዱብ ዱብ ብለን ተቀመጥን። ጀልባዋ ተወዛወዘች፣ ተወዛወዘች፣ ቀና አለች። ሜሮንን ስቤ በጉልበቶቼ መካከል አጣበቅኳት።

ያኔ ነው ጀርባዬ በጠላ መራሱን ያወቅኩት። የአንዱ ጀሪካን ክዳን ከነላስቲኩ ተፈናጥሮ ሄዷል። የሌሎቹ ሆድ እንደ ከበሮ ተወጥሯል።

ውኃው ቁርጭምጭሚታችን ደርሷል። ሞተሩ አልነሣም አለ። ንፋሱ ውኃ ውስጥ ወደቆሙት ዛፎች ይገፋናል። ጋሻው ጀሪካኖቹን አየ፣ እኔን አየ፣ መልሶ ሞተሩ ላይ አቀረቀረ። ሸክሙን ማቅለል እንዳለብን ያውቃል። የጓደኛውን ተዝካር ድፉ ማለት ግን አልቻለም።

«እኔው እደፋዋለሁ» አልኩት።

ክዳኖቹን ቀስ በቀስ እያስተነፈስኩ ከፈትኩ። አምስቱን አንድ በአንድ ደፋሁ። ጠላው ተከዜ ላይ አረፋ ሠርቶ ሄደ። እማሆይ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና አንድ ነገር አሉና ሳይገባኝ ሲቀር በአማርኛ ደገሙልኝ፦ «አታልቅሺ። ዕድሜውን የኖረበት ውኃ ነው፤ ደርሶታል።»

አንዱን ባዶ ጀሪካን ጋሻው በቢላዋ ቀዶ ውኃ መቅጃ አደረገው። አያ ደምሌ ውኃውን እያወጡ፣ እኛ የቀሩትን ባዶዎች ከድነን ከጀልባዋ ጎንና ጎን አሰርናቸው፣ ብትሰምጥ እንዲይዙን። አያ ደምሌ ፍየላቸውን ዞር ብለው አዩና «ይቺ እንኳ ቁጭ ብላ ነበር፤ እኔ ሽማግሌው ነኝ እንደ ጎረምሳ የቆምኩት!» አሉ። በዚያ ፍርሃት መሃል ሳቅን። የዛፉ ቅርንጫፍ የጀልባዋን ሆድ መፋቅ ሲጀምር ሞተሩ ተነሣ።

የተረፈው ያ የፈነዳው ጀሪካን ነው፤ ግማሽ ያህል ቀርቶበታል። በተዝካሩ ቀን ለየሰዉ አንድ አንድ ጉንጭ ደረሰው። አማቴ «ጠላው ምን ሆነ?» ብለው ሲጠይቁ ጋሻው ቀደመኝና «ፀሐዩ ነው፣ አባባ» አላቸው።

ፀሐዩ ብቻ አልነበረም። ላስቲኩን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ለሙታን ያዘጋጀሁትን ላለማፍሰስ ብዬ ያለችኝን አንዲት ልጅ ላሰጥም ነበር።

ዛሬም መቃብሩን ለማየት በዚያችው ጀልባ እሻገራለሁ። ጠላ የያዘ ሰው ካለ ሳልጠይቀው ክዳኑን አላላለታለሁ፤ ይሥቁብኛል። መሃሉ ላይ ስንደርስ ሜሮን እጄን ጥብቅ አድርጋ ትይዛለች። «እማዬ፣ ፈራሽ?» ትለኛለች።

እፈራለሁ። ግን አልነሣም፤ ቁጭ ብዬ ነው የምፈራው።