ባዶ ነው የተባለው ጠመንጃ

ዛሬ አጋዘን አደን ሄደን፣ ጎረቤታችን ጋሼ ተሾመ «ባዶ ነው፣ ያዥልኝ» ብለው ከሰጡኝ ጠመንጃ ጥይት ወጣ!

የሰጡኝ ከሜልቦርን ራቅ ካለ ጫካ ውስጥ የሽቦ አጥር ሊሻገሩ ሲሉ ነው።

የጠመንጃ ላይሰንስ ሳወጣ «ማንም ባዶ ነው ቢልሽ፣ ራስሽ ከፍተሽ እዪ» ተብያለሁ። ግን የትልቅ ሰው ቃል እንዴት ይፈተሻል? አፈርኩ።

እንደምንም «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብዬ ማቀባበያውን ሳብኩት።

«አታምኚኝም እንዴ?» ከማለታቸው ጥይቷ እግራቸው ስር ዱብ!

አንስተው ኪሳቸው ከተቷትና «ከዛሬ ጀምሮ አባትሽም ቢሰጥሽ ክፈቺ» አሉኝ።

አጋዘኑማ ዱካውን ብቻ ነው ያሳየን። ሁለታችንም በደህና ቤታችን ስለገባን ግን ደስታዬን አልቻልኩትም!

እናንተስ፣ ትልቅ ሰው አክብራችሁ ሳትፈትሹ ያለፋችሁት ነገር የለም? እስቲ አውሩኝ።