ሀርጌሳ ላይ ለኳንተም ዶክትሬት ስዘጋጅ

አንድ የግል ኮሌጅ ፊዚክስ ላስተምር የገባሁ ቀን፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ኡስታዝ ጃማ የላብራቶሪውን ቁልፍ ሰጡኝ። ስከፍተው ያገኘሁት ሁለት መልቲሜትርና አንድ የተሰነጠቀ ሌንስ ነው።

"ሌላው ዕቃስ?" ብላቸው፣ "ሌላው አንተ ነህ" አሉኝ።

ወላጆቼ የሀርጌሳ ሰዎች ናቸው፤ እኔ ግን ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ ነው። ወደ ከተማቸው የመጣሁት ማስተርሴን ጨርሼ ነው። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ልቤ አልረጋ አለ። በኳንተም ኢንፎርሜሽን ቲዎሪ ዶክትሬቴን መሥራት ፈለግሁ። ቲዎሪ ስለሆነ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃዋል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

አንዱን መጽሐፍ ሳልጨርስ ሌላ አወርዳለሁ። ከምኖርበት ከጋአን ሊባህ ሰፈር ወደ ኮሌጁ በሚወስደኝ ባጃጅ ውስጥ በስልኬ አነባለሁ። ክፍል ገብቼ ስለ ሰበቃ እያስተማርኩ ሐሳቤ ማትሪክስ ላይ ነው።

የሂሳብ መምህሯ ሆዳን ጅግጅጋ ነው የተማረችው፤ ከመምህራኑ መካከል አማርኛ የምናወራው እኔና እሷ ብቻ ነን። አንድ ቀን አትሜ ጠረጴዛዬ ላይ የከመርኳቸውን መጻሕፍት አየችና፣ "ከእነዚህ ሁሉ ስንት መልመጃ ሠራህ?" አለችኝ።

"መልሶቹን አይቻለሁ።"

"መልስ ማየትማ ሰው ሲበላ ማየት ነው፣ ወንድሜ።"

ተቀየምኳት።

ብዙም ሳይቆይ አውሮፓ ያሉ አንዲት ፕሮፌሰር በቪዲዮ ፈተኑኝ። የማይታወቅ የኳንተም ሁኔታ ለምን ቅጂ እንደማይወጣለት ሲጠይቁኝ ማረጋገጫውን ሳልተነፍስ አወረድኩት።

"ሁኔታው ከሁለት አንዱ መሆኑን አስቀድሜ ብነግርህስ?"

"ያው አይቻልም።"

"ሁለቱ ፍጹም የሚለያዩ ቢሆኑም?"

ማረጋገጫውን ከመጀመሪያው መድገም ጀመርኩ። ፍጹም ከተለያዩማ ለይቶ መቅዳት ይቻላል። ይህ በቃሌ ከወጣሁት ማረጋገጫ ውስጥ ያለ ነገር ነበር። እምቢታው ወዲያው መጣ።

ለሆዳን ስነግራት አልፈረደችብኝም። "ነገ ከክፍል ስትወጣ ጠብቀኝ" አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ አንድ መጽሐፍ ብቻ ያዝን። ባዶ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ፊት ታቆመኛለች፤ በየመስመሩ "ለምን?" ትላለች። ሁለት ገጽ ሳንሻገር የሚያልፍ ሳምንት ነበር። እኔ መቆም ስለማልችል ከሰሌዳው ወደ መስኮቱ እመላለሳለሁ፤ በደጅ የሚያልፉ ተማሪዎች የተጣላን መስሏቸው ነበር።

በዓመቱ ለእኚያው ፕሮፌሰር እንደገና አመለከትኩ። ፈጽሞ አይቼው የማላውቀውን ጥያቄ አመጡ።

"አላውቀውም፤ በትንሽ ምሳሌ ልጀምር" አልኩ።

መሐል ላይ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ተመልሼ ስገባ፣ "ይቅርታ፣ ቅድም የጻፍኩት ስህተት ነው" አልኳቸው።

"የቱ ጋ?"

አሳየኋቸው። ተቀበሉኝ።

ኡስታዝ ጃማ ሲሰሙ "አልሐምዱሊላህ" አሉ፤ ቀጥለውም፣ "የአንደኛ ዓመቶቹን ማን ሊያስተምርልኝ ነው?" አሉ። ወደ ሆዳን ዞር ሲሉ እሷ ራሷን ነቀነቀች።

"እኔን አይቁጠሩ። እሱን ስጠይቅ እኔንም ነገሩ ያዘኝ፤ እኔም ለዶክትሬት አመልክቻለሁ።"

አሁን ቪዛ እየጠበቅሁ ነው፤ ዛሬም ቁጭ ማለት አልሆነልኝም። ለዶክትሬት ለምትዘጋጁ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው፦ ጥቂት አንብቡ፤ ያነበባችሁትን "ለምን?" ለሚላችሁ ሰው ቆማችሁ አስረዱ።