የማያውቅ በግራ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ጾም በያዘ ቁጥር ሄጄ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ የሆድ ነገሩን እዘረዝርና ይቺን ዘልያት እመለሳለሁ። ዛሬ እናንተ ስሙኝ። ብቻ አደራ፣ «ሁሉም ያደርገዋል» እንዳትሉኝ። እሱን ለራሴ ብዬ ብዬ ሰልችቶኛል።

ቁስቋም አካባቢ ኮሪያውያን በከፈቱት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ሱጂን የምትባል ወጣት ከኮሪያ መጥታ አብራኝ እንድታስተምር ተመደበች። ኧረ እሷስ ታስመርር ነበር። ታጨበጭባለች፣ ትዘፍናለች፣ ከልጆቹ ጋር ወለል ላይ ትቀመጣለች። አርጩሜዬን አይታ ለምን አለች። ስገባ ልጆቹ ለምን ብድግ እንደሚሉ ጠየቀች። ለምን፣ ለምን፣ ለምን። በጠመኔ ብናኝ ያረጀሁትን ሰው በለምን ፈጀችኝ። ይባስ ብሎ ልጆቹ «ቲቸር ሱጂን እንዲህ አይደለም ያለችን» እያሉ ያርሙኝ ጀመር። ቀናሁ። ሌላ ስም የለውም፣ ቀናሁ።

እንግዳ ሊጎበኘን ሲመጣ አንድ ዘዴ ነበረኝ። ጥያቄ ስጠይቅ ሁሉም ልጅ እጁን ያወጣል፤ የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን። እኔ ቀኙን ያወጣውን እጠራለሁ። እንግዳው ክፍሉ ሙሉ እጅ አይቶ ይደነቃል፣ ልጁም አያፍርም፣ እኔም እመሰገናለሁ።

ሱጂን አንድ ዓመት ልትጨምር ፈልጋ ነበር። የሚወስኑት ደግሞ ከኮሪያ የሚመጡ ኃላፊዎች ናቸው፣ ስታስተምር አይተው። በዋዜማው ልጆቹን ለብቻቸው አግኝቼ የቀኝና የግራውን ነገር አስታወስኳቸው። ለእሷ አልነገርኳትም። «ለምን» ትለኛለች ብዬ ነው? ውሸት። አንድ ቀን እንኳ ስትዋረድ ማየት ፈልጌ ነው። እኔ ነኝ የፈለግሁት፣ እኔ።

እንግዶቹ ከኋላ ተቀመጡ፤ ሱጂን ጥያቄ ጠየቀች። ክፍሉ በሙሉ እጁን አወጣ። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ልጆቹ በመጨረሻ የደፈሩላት መሰላት። ጎበዞቹን አልፋ እናኑን ጠራች። እናኑ ከኮሶዬ መጥታ አክስቷ ቤት ሆና የምትማር፣ ከዚያ ቀን በፊት ክፍል ውስጥ ድምጿ ተሰምቶ የማያውቅ ልጅ ናት። ተነሥታ ቆመች። ሱጂን ፈገግ ብላ ጠበቀቻት። በአማርኛ አይዞሽ አለቻት፤ ቃሉን ያስተማርኳት እኔ ነበርኩ። በጠበቀቻት ቁጥር ልጅቷ አንገቷን ደፋች፣ ኋላም የሹራቧን እጅጌ ነክሳ አለቀሰች። ሱጂን ደንግጣ ሌላ ልጅ ጠራች፤ እሱም ግራውን ያወጣ ነበር። ሦስተኛውም እንደዚያው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ፤ እኔ ግን ጅቡን ራሴ ጠርቼ በሩ ጋ ቆሜ አያለሁ። ጉሮሮዬን ብጠርግ፣ በዓይኔ ብጠቅሳት ይበቃ ነበር። ምን ያዘኝ?

እንግዶቹ ልጆቹን ለታይታ እጅ እንዲያወጡ ያሠለጠነችው እሷ ናት ብለው ደመደሙ። ተጨማሪው ዓመት ቀረ። ርእሰ መምህሩ የምታውቀው ነገር አለ ወይ ሲለኝ፣ የለም አልኩ። ሱጂን ልትሄድ ስትል እናኑ ፊት ጎንበስ ብላ ይቅርታ ጠየቀቻት። እኔንም ስላገዝኳት በሁለት እጇ ጨብጣ አመሰገነችኝ። አመሰገነችኝ እኮ።

ከዚህ የባሰ አለ። ያው በጉብኝቱ ዕለት፣ ከትምህርት ስንወጣ፣ እናኑ ደጅ ጠበቀችኝ።

«ምነው ጋሼ፣ ግራዬን አይደል ያወጣሁት?»

«ተሳስተሻል» አልኳት፤ «ቀኝሽን ነው ያወጣሽው።»

አመነችኝ። መምህር ይዋሻል እንዴ? በማግሥቱ የግራ እጇ አንጓ ላይ ክር አስራ መጣች፣ ሁለተኛ እንዳትሳሳት። ክሩን አየሁት። እስከ ዓመቱ መጨረሻ አልፈታችውም፤ እኔም በየቀኑ እያየሁት ዝም አልኩ።

«እግዚአብሔር ይፍታህ» እንዳትሉኝ። አላዋቂነት አልነበረም፣ ድንጋጤም አልነበረም፤ አውቄ ነው። ይቅር ልትለኝ የምትችል እናኑ ብቻ ናት። እሷ ደግሞ አድጋም፣ ዛሬም መንገድ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር «ቲቸር ሱጂን የሄደችው በእኔ ጥፋት ነው» እንዳለች ናት።