ቀብሯ ላይ ነበርክ?

የልጅ ልጄ በስልኳ ጀርመንኛ ታጠናለች። ዛሬ ስልኩ «ዋርስት ዱ ዳ?» ሲል ሰማሁ።

በደርግ ጊዜ ታላቅ ወንድሜ አያ ሰይድ ትራክተር ጥገና ሊማር ጀርመን እንደሄደ እናታችን ሞተች። እኛ ዘንድ፣ ከሚሴ ላይ፣ መርዶ በደብዳቤ አይላክም። ሳያውቅ ሻርፕ ገዝቶላት መጣ።

«እማ የታለች?» ቢል «ባቲ ገበያ ሄዳለች» አሉት። እስክትመጣ እኔን ጀርመንኛ ያስተምረኝ ጀመር።

«ዋርስት ዱ ዳ? እዚያ ነበርክ? ማለት ነው። ከነበርክ ‹ያ› በል፣ ጎበዜ!»

በነጋታው ማለዳ ሽማግሌዎች መርዶውን አረዱት። ለቅሶው ጋብ ሲል፣ አባታችን እንዳይሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ቀብሯ ላይ ዋርስት ዱ ዳ?» አለኝ።

«ያ» አልኩት።

ሻርፑን ፊቱ ላይ አድርጎ «አልሐምዱሊላህ፣ አንድ ልጅ እንኳ ቀብሯ ላይ ነበራት» አለ።

እሱም ኋላ ዘምቶ ቀረ፤ መርዶው ብቻ መጣልን። ስልኩ አሁንም ይጠይቃል። እኔ ግን አያ ሰይድ ሲቀበር ማን እዚያ እንደነበረ የምጠይቀው የለኝም።